እንደ ጧፍ የተጠቀለለው ሽቦ

በኛ ዘመን መብራት ማለት ጧፍ ነው፤ ከጧፍ ሌላ ካልክ ኩራዝ ነው፣ እሱም ላለው ነው። አሁን ይኼ የልጅ ልጄ ደሳለኝ ያን ሚኒባስ ከደጄ አምጥቶ አቁሞ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ ሽቦውን እንደ በግ አንጀት ጎልጉሎ ሲቀመጥ ሳየው ጊዜ ሳቄ መጣ። ታዲያ አንተ ቴፕ የያዝከው ጓደኛው "እማማ፣ ምን ያስቅዎታል?" አልከኝ። ሽቦ ነዋ የሚያስቀኝ! ሽቦ ያስቃል ወይ ትሉኝ እንደሆን ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። በሉ ክፈቱትና ይቅዳ። ተከፈተ? እውነት ይዟል? ስሜን ልናገር? ዘነቡ ነኝ፣ የደሳለኝ እናት እናት፣ የአያሌው ሚስት፣ ነፍሱን ይማረው። ይበቃል፣ ከዚህ በላይ ስም የለኝም።

መጀመሪያ ግን አንተ ደሳለኝ ቅድም ያልከኝን ድገመው፣ እኔ እንዳልሳሳት። ያች የገብስ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ስሟ ማን ነው ያልከኝ?

"ዳዮድ።"

ዳዮድ። እሷ ምን ታደርጋለች?

"ኮረንቲውን በአንድ በኩል ታሳልፈዋለች፣ በመጣበት ግን አታስመልሰውም።"

እንደ ሞት ናታ!

"ኧረ እማማ ደግሞ!"

ምነው፣ ሞትም እኮ ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። እሺ፣ ይቺኛዋስ፣ ጠቅ ጠቅ የምትለው ሳጥን?

"ሪሌ ናት። ማብሪያው እሷን ብቻ ነው የሚያዘው፣ ትልቁን መብራት የምታዘው እሷ ናት።"

እኔን ናታ! እኔም ከመደቤ ሆኜ ጠቅ እላለሁ፣ ቤቱ በሙሉ ይሯሯጣል። ሪሌዋንስ አውቃታለሁ፣ በጣሊያን ጊዜ በዚህ በሁለት ዓይኔ አይቻታለሁ። ያችን ገብስ የምታህለዋን ግን በዚህ አገር የሚያውቃት አልነበረም። ብትኖርማ አያትህ አራት ቀን በገመድ ታስሮ ባልከረመ፣ እኔም በቁሜ ባልሞትኩ። ስሙኝማ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ሁለተኛ ክረምቱ ይመስለኛል። አያሌው ያን ጊዜ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ባለ ጥማድ በሬ፣ እኔን ካገባ ሦስት ዓመቱ። መንገድ ሥራ ብለው ከእርሻው ላይ ጎትተው ወሰዱት። ድንጋይ ሲፈልጥ ሲፈልጥ ከርሞ፣ አንድ ቀን ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ፣ ስንት ሰው እየገፋው እምቢ ሲል፣ አያሌው ምን አለ? "ኧረ ተዉ፣ በግድማ በሬም አይወጣ፣ ከጎማው ሥር ጭራሮ አንጥፉለት" አለ። አነጠፉለትና ወጣ። ይኼን ያየ ፒኖ የሚባል ጣሊያን ነበር፣ የካሚዮን ጠጋኙ፣ የጋራዡ አዛዥ። አጭር ነው፣ ጢሙ የተንጨባረረ፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር፣ ካኪው ዘይት የጠጣ። አማርኛውን የለመደው ከገበያ ሴቶች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "ነይ" ነው የሚለው።

"አያሌው፣ ነይ! አንቺ ጭንቅላት አለሽ!" አለው፣ በሰው ሁሉ ፊት።

አያሌው መቼም ኩሩ ነው፣ ያን ቀን እራቱንም በቅጡ አልበላ። "ነይ አለኝ እኮ ዘነቡ፣ በወንዶች ፊት ነይ አለኝ!"

"ነይም ይበልህ ሂጂ፣ ከድንጋዩ አውጥቶሃል፣ ብላ" አልኩት። እና እንዲያ እንዲያ እያለ ጋራዥ ገባ፣ ቡሎን መፍታት ተማረ፣ ኋላም መሪ ያዘ።

አሁን እንግዲህ ባንዳ ነበር የሚለን አይጠፋም። ያን ጊዜም ብለውናል። ጠብመንጃ አልያዘም፣ ሰው አላሳሰረም፣ ዱቄት ነው የሚጭነው፤ ግን ማን ይሰማሃል? ጫካ ያሉት ባንዳ ነው ይሉታል፣ ጣሊያን ደግሞ የጫካዎቹ ሰላይ እንዳይሆን ብሎ ዓይኑን አይነቅልበትም። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እሱ ነው።

ታዲያ በሚቀጥለው ክረምት የካሚዮኑን ሽቦ አይጥ ፈጀው። ዱቄት ባለበት አይጥ አለ፣ አይጡ ዱቄቱን ሲጠግብ ሽቦውን ጋጠ። የዚያን ጊዜ ሽቦ እንደዛሬው አይደለም፣ ላዩ በጥጥ ክር የተሸረበ ነው። ያ ልብሱ ተበልቶ መዳቡ ራቁቱን ቀረ። ከጎንደር ሌላ ሽቦ እንዳይመጣ አርበኞች መንገዱን ቆርጠውታል። ፒኖ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

እኔ ደግሞ የታወቅሁ ጧፍ ሠሪ ነኝ። ራሴን ማመስገኔ አይደለም... እሺ፣ ማመስገኔ ነው! የኔ ጧፍ አይጎብጥም፣ አይንጠባጠብም፤ ቀሳውስቱ ሳይቀሩ "የዘነቡ ነው?" ብለው ጠይቀው ነው የሚቀበሉት። አንድ ቀን አያሌው ፒኖን አስከትሎ ወደ ቤት መጣ፣ እንቁላል ፈልጎ መሰለኝ። እኔ ሰሙን አቅልጬ ፈትሉን እየነከርኩ፣ በመዳፌ እያሽከረከርኩ ደረሰ። ቆሞ አየኝ፣ አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ዘለለ!

"ሲኞራ! አንቺ! አንቺ ሽቦ ትሠሪያለሽ!"

"ሽቦና ጧፍ ምን አገናኘው?" አልኩት።

"ጥጥ አለ! ሰም አለ! ውሃ አይገባ፣ ኮረንቲ አይወጣ! ነይ ጋራዥ፣ ነይ ነገ!"

ለኔ ሲሆን እንኳ "ነይ"ው ልኩ ነው። በማግስቱ ፈትሌንና ሰሜን ይዤ ሄድኩ። የካሚዮኑን ወለል ሳንቃ ነቅሎ፣ ሾፌሩ እግሩን ከሚያሳርፍበት ሥር ያሉትን ሽቦዎች አሳየኝ። ጣቶቹን እንዲህ አለያይቶ ዘርግቶ፣ "ይኼ ወፍራም፣ የፊት መብራት፣ ለብቻ። ይኼ ቀጭን፣ የፍሬን፣ የኋላ ቀይ መብራት፣ ለብቻ። አይነካካ! ሲኞራ፣ በማዶና፣ አይነካካ!" አለኝ፣ በማርያም ማለቱ ነው።

ሰማሁት። እግዜር ያያል፣ ሰምቼዋለሁ፣ ገብቶኛልም። ግን ምን ሆንኩ? ኮራሁ። በልቤ "ይኼ ጣሊያን ሞተር ያውቅ ይሆናል፣ ስለ ፈትል ግን እኔን ያስተምረኝ?" አልኩ። ጧፍ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ አንድ ፈትል ብቻውን አይቆምም። ይደረባል፣ ይገመዳል፣ ከዚያ ነው ሰም የሚጠጣው። እናቴም እንዲያ ነው ያስተማረችኝ፣ "ነጠላውን አትንከሪ፣ ሥራሽ ይጎብጣል" ትለኝ ነበር። እና ያች የፍሬን ሽቦ ቀጭን ናት፣ ብቻዋን ስትርገበገብ አየኋትና አሳዘነችኝ። ወፍራሙ አጠገቧ አለ። ፒኖ ዘወር ሲል ሁለቱን አንድ ላይ ገመድኳቸው፣ ፈትሉን ከላይ ጠመጠምኩ፣ ሰሙን አጠጣሁት፣ በመዳፌ አለሰለስኩት። አቤት ማማሩ! ለኢየሱስ በዓል የሚሆን ጧፍ ወጣው።

ፒኖ መጣ፣ ጨለም ያለ ቦታ ነው፣ በጣቱ ዳሰሰውና "ቤሎ! ቤሎ!" አለ፣ ቆንጆ ማለቱ ነው። የፊቱን አበራ፣ በራ። ፍሬኑን ረገጠ፣ የኋላዋ ቀይ በራች። ሁሉም ለየራሱ። ለካ ሰሙ በመሀላቸው ገብቶ ደርቆ ነው የለያያቸው። ሰም ሲበርደው ድንጋይ ነው። ሲሞቀውስ? እሱን አላሰብኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰም ሳቀልጥ የኖርኩ ሴትዮ አላሰብኩም!

ሁለት ሳምንት ምንም የለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ አያሌው ከጋይንት በኩል በጉና ወገብ ሲመለስ፣ በጠራራው ቀን ጉሙ ወረደበት። የጉናን ጉም መቼም ታውቁታላችሁ፣ የበሬህን ጭራ ይዘህ ቀንዱን አታየውም። ሞተሩ ግሏል፣ ወለሉ እግር አያስረግጥም፣ የኔ ሰም ቀለጠ፣ ሁለቱ ራቁት ሽቦዎች ተቃቀፉ። ታዲያ አያሌው ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን በረገጠ ቁጥር፣ የኋላዋ ብቻ መብራቷ ቀርቶ የፊቶቹ ሁለት ትልልቅ መብራቶች ቦግ! ሲለቅ ጥፍት። መታጠፊያ ይመጣል፣ ይረግጣል፣ ቦግ! ይለቃል፣ ጥፍት። ቁልቁለቱን ሙሉ ቦግ ጥፍት፣ ቦግ ጥፍት።

"ለፍሬን የተላከው ኮረንቲ ወደ ፊት መብራቱ ዞረ ማለት ነው።"

እሱን ነው የምልህ ደሳለኝ። እና ያች ዳዮድ ብትኖር ኖሮ...

"እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ራቁት ሽቦ ከራቁት ሽቦ እንዲያ ከተነካካ ዳዮድም አያድን።"

አያድንም?

"አያድንም።"

እሺ። እንግዲያው ያዳነን ሰው ነው። እንዲያውም እሱ ይሻላል። ቀጥሉማ ስሙኝ።

ከአያሌው ጎን አንድ ጣሊያን ወታደር ለጥበቃ ተቀምጧል። "ለምን ታበራለህ?" ይለዋል። "እኔ አላበራሁም!" "ይኸው በራ!" "እጄን እይ፣ መሪው ላይ ነው!" ያ ወታደር እጁን ያያል፣ መብራቱን ያያል፣ እግሩን ግን ማን ይየው። ታዲያ ከቁልቁለቱ ግርጌ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ፣ ከጉሙ ውስጥ ተኩስ! አርበኞቹ እዚያ አድፍጠው ኖሯል። ከኋላ የተጫኑ ሁለት ወታደሮች ቆሰሉ። አያሌው ስለዚያ የሚያውቀው ነገር የለም፣ አርበኞቹም ያን መብራት ይዩት አይዩት እንጃ። ጣሊያን ግን አንድና አንድን ደመረ። መብራቱ ቦግ ጥፍት አለ፣ ተኩሱ መጣ፣ በቃ፣ "ሾፌሩ ምልክት ሰጥቷል" ተባለ። ጠፍረው አመጡት። ካፒቴናቸው፣ አንድ ረጅም ደረቅ ሰውዬ፣ "ቅዳሜ በገበያው ፊት ይረሸናል" ብሎ ፈረደበት።

እኔ ይኼን የሰማሁት ረቡዕ ነው። የወታደሮቹ ሰፈር ድረስ ሄጄ አላስገባ አሉኝ፣ ዘበኛው በሰደፍ ገፋኝ፣ ተመለስኩ። ሐሙስ ፒኖ ዘንድ ሄድኩ። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፒኖ፣ አያሌው ምን አጠፋ?"

"አያሌው ይላል፣ 'ፍሬን ስረግጥ የፊቱ በራ፣ እኔ አይደለሁም'። ካፒቴን ይስቃል። 'ፍሬን የፊት መብራት አያበራ' ይላል።"

ፍሬን ሲል፣ የፊት መብራት ሲል፣ ያች ቀጭኗና ያ ወፍራሙ ድቅን አሉብኝ። ከመሬት ቁጭ አልኩ።

"ፒኖ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምን አንቺ?"

"ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ የገመድኳቸው እኔ ነኝ።"

ዘሎ ተነሣ። ካሚዮኑ እዚያው ቆሟል፣ ሳንቃውን ነቀለ፣ ክብሪት ጫረ፣ አየ። ሲወጣ አላበደም፣ አልጮኸም፣ እንደ ልጅ ነው የጠየቀኝ።

"ሲኞራ፣ ለብቻ አልኩ።"

"ብለሃል።"

"አይነካካ አልኩ።"

"ብለሃል።"

"ለምን?"

"ብቻዋን ሆና አሳዘነችኝ።"

"ማን?"

"ሽቦዋ።"

ሳቅ አትለው፣ ለቅሶ አትለው፣ እንዲያ ያለ አንድ ድምፅ አወጣ። እኔም "በል እንግዲህ ለካፒቴኑ ንገረው፣ እኔን ይሰሩኝ፣ እሱን ይፍቱት" አልኩት። ሆዴን አየ። የአራት ወር እርጉዝ ነኝ፣ እናትህ ናት ደሳለኝ። ደግሞ ልብ በል፣ ሥራውን ያሠራኝ እሱ ነው፣ "ቤሎ" ብሎ ያሳለፈውም እሱ ነው። ነገሩ ከወጣ ለሱም አይበጀውም። ዝም ቢል አያሌው ይሞታል፣ እሱ ምን ይጎድልበታል? ማንም የሚጠይቀው የለ። ያን ሁሉ አውቄ ነው ዓይን ዓይኑን የማየው።

"አንቺ ዝም። ነገ ጠዋት ነይ። ዝም!" አለኝ። ሽቦውን አልነካውም፣ እንዳለ ተወው።

ዓርብ ጠዋት ሄድኩ። ክረምት ነው፣ ያን ጠዋት ደግሞ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ የሰው ትንፋሽ ይጨሳል። ካሚዮኑ ከጋራዡ ደጅ ቆሟል። ካፒቴኑ መጣ፣ ወታደሮች መጡ፣ አያሌውን የኋሊት አስረው አምጥተው ከካሚዮኑ ፊት አቆሙት። ፊቱ አብጧል። ሲያየኝ "ምን ልትሠሪ መጣሽ? ወደ ቤትሽ ሂጂ!" አለኝ። እኔም "ዝም በል" አልኩት፤ ባሌን ዝም በል ያልኩት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻዬ ግን አይደለም።

ፒኖ በጣሊያንኛ ተናገረ፣ በእጁም ተናገረ፣ በእግሩም ተናገረ። ካፒቴኑ ራሱ ወጥቶ ከመሪው ተቀመጠና ፍሬኑን ረገጠ። የኋላዋ ቀይ በራች። የፊቱ ጭጭ። ደግሞ ረገጠ። የፊቱ ጭጭ። ደጋግሞ ረገጠ፣ ምንም! ፒኖ ላብ አጠመቀው፣ በዚያ ብርድ። ካፒቴኑ ወረደና ፒኖን በጓንቱ ፊቱን መታው፣ ወደ አያሌው አመለከተ። ቃሉን ባላውቀውም ገባኝ። "ነገ!" ነው ያለው።

ታዲያ እጄን በእጄ ሳፋትግ ምን ተሰማኝ? ጣቴ ላይ ማታ ለጸሎት ጧፍ ስሠራ የነካሁት ሰም ደርቆ ተለጥፏል፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ጠጠር ነው። ወይ ጉድ! ከማክሰኞ ወዲህ ቆሞ ቀዝቅዟላ! ሰሙ እንደገና በመሀላቸው ደርቋል! ካሚዮኑ ሥራ ላይ ውሎ ግሎ ነበር ያን ቀን፣ ዛሬ ሞተሩ እንኳ አልተነሣ። ማንንም አላስፈቀድኩ፣ ሮጥኩ። የወታደሮቹ ወጥ ቤት እዚያው ጎን ነው፣ የተሰበረ ገል አነሣሁ፣ ከምድጃው ፍም ዛቅሁበት፣ ወጥ ሠሪው "አንቺ ሴት!" ሲል እኔ ተመልሻለሁ።

"ፒኖ፣ ሰሙ ነው! ሰሙ በርዶት ነው!" አልኩ።

ወዲያው ገባው። "ሲ! ሲ! ሰም! ሰም!" እያለ ካፒቴኑ ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ እንደ ነዳያን ለመነ። እኔ ከካሚዮኑ ውስጥ ገብቼ ተንበረከክሁ፣ ፍሙን ወደ ገመዱ አስጠጋሁ፣ ፒኖ ከላዬ "ቤንዚን! ቤንዚን! ማዶና!" እያለ ያማትባል። ገሉ እጄን ይፈጀኛል፣ አልለቅም አልኩ። ይኸው ጠባሳው፣ እዩት፣ እዚህ ጋ። ሰሙ መጀመሪያ አላበው፣ ከዚያ ጠብ አለ፣ ፍሙ ላይ ጭስስ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። በጣቴ ጫን ጫን አደረግኩት፣ ሁለቱ ተነካኩ መሰለኝ።

"ይርገጥ!" አልኩ።

ካፒቴኑ ከመሪው ተመልሶ ተቀመጠ፣ በንቀት እግሩን አነሣና ረገጠው። ቦግ! ሁለቱም የፊት መብራቶች ቦግ አሉ፣ አያሌው ከፊት ለፊቱ ታስሮ ቆሟልና ብርሃኑ ያ ያበጠ ፊቱ ላይ ወጣ። ሲለቅ ጥፍት። ሲረግጥ ቦግ። እኔ እዚያው ሳንቃው ላይ ተደፍቼ "ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን" እላለሁ።

ነገሩ ግን አላለቀም። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ያን የተጠቀለለ ሽቦ አየ። የኔን እጅ አየ፣ ሰም በሰም ነው። ደግሞ በቁጣ ጠየቀ። "ይኼን ማን ነው የሠራው?" ማለቱ ነው፣ ይኼ ቋንቋ አይጠይቅም። አፌን ከፈትኩ፣ "እኔ" ልል ነው። ፒኖ በመሀላችን ገባና ደረቱን በጡጫ መታ፣ ድው! አንድ ቃል ተናገረ። እኔ ነኝ አለ። ካፒቴኑ ደግሞ እኔን በጣቱ ጠቆመ። ፒኖ ራሱን ነቀነቀና ደግሞ ደረቱን ድው! እኔ ነኝ። ካፒቴኑ እውነቱን ያጣው አይመስለኝም፣ ሰም እኔ እጅ ላይ ነው እንጂ ፒኖ እጅ ላይ ዘይት ብቻ ነው ያለው። ግን ሰውዬው እኔ ነኝ ካለ ምን ያድርገው? ጮኸበት፣ ጮኸበት፣ ከክንዱ ላይ የማዕረጉን ጨርቅ ቦጭቆ ጭቃ ላይ ጣለው። አያሌውን ፈቱልኝ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ምኔ ነው? ዘመዴ ነው? ያገሬ ልጅ ነው? አገሬን የወረረ ጠላት ነው፣ ጠላትነቱን አልክድም፣ ያዘዙት መንገድ የስንቱን እርሻ በልቷል። ግን ያን ዕለት ባልና ልጅ ሰጥቶኛል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር አይመለስም። እኔ ሰው ፒኖን ሲያማ ዝም አልልም።

ፒኖን በቅጣት በረሃ ይሂድ ብለው ፈረዱበት፣ ሊሰዱት ሁለት ቀን ቀረው። በነዚያ ሁለት ቀኖች አልተኛም፤ የኔን ገመድ ፈታ፣ ሽቦዎቹን ለየብቻ አለበሰ፣ ከተሰበረ ካሚዮን ላይ የክላክሱን ሪሌ ነቅሎ አመጣና ለፊት መብራቱ ገጠማት። ያኔ ነው ሪሌ ያየሁት። "ስሚ አያሌው! ጠቅ ስትል መብራት በራ። ፍሬን ወደሷ አይደርስ፣ ገባሽ?" አለው። አያሌው ያ ኩሩ ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ገባኝ ጌታዬ" አለ። ሲሄድ እጁን ልስም ጎንበስ አልኩ፣ እጁን ሸሸገና "ቆሻሻ! ዘይት!" አለኝ። ቅር ብሎኝ ቀረ።

ለአያሌው እውነቱን የነገርኩት በዚያው ሳምንት ነው፣ ቁስሉን ሳጥበው። "የገመድሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ከመደቡ ላይ ሆኖ "ፍሙን ያመጣችውስ ማናት?" አለ። "እኔው ነኛ።" "በይ እንግዲያው ይጣፋ" አለ። ከዚያ ደግሞ ቀና ብሎ "ካሚዮኔን ግን ዳግመኛ እንዳትነኪ!"

ዘመኑ አለፈ፣ ጣሊያን ተሸነፈ፣ ምርኮኛው በጎንደር መንገድ በይፋግ በኩል ያልፋል ተባለ። አገሩ ሁሉ እልል ይላል፣ እኔም ብያለሁ። አያሌው ግን "ዳቦ ጋግሪልኝ፣ ትልቅ አርጊው" አለኝ። ጎረቤት ሰምቶ "ለጠላት ዳቦ?" አለው። "ለጠላት አይደለም፣ ለፒኖ ነው" አለ። ዳቦውን በአቁማዳ አድርጎ፣ በእግሩ ወረደ። በአራተኛው ቀን ባዶ አቁማዳ ይዞ መጣ።

"አገኘኸው?" አልኩት፣ ገና ከበሩ ሳይገባ።

"አላገኘሁትም። ከመንገዱ ዳር ቆሜ 'ፒኖ! ፒኖ!' እያልኩ ስጣራ ዋልኩ።"

"አንድም የመለሰልህ የለም?"

"ስድስት ሰው እጁን አወጣ።"

"ስድስት?"

"ስድስት። አንዱም የኛ አይደለም። ዳቦውን ለስድስት ቆረስኩላቸው።"

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። "አንተ ሞኝ! የራባቸው ሰዎች ናቸው፣ ዳቦ እያየ ማን ፒኖ አይደለሁም ይላል? አምስቱ ውሸታቸውን ነው፣ ምናልባት ስድስቱም!"

"አውቃለሁ" አለኝ፣ ጫማውን እያወለቀ። "የኛውስ ፒኖ ያን ጊዜ በካፒቴኑ ፊት 'እኔ ነኝ' ያለው እውነቱን ነበር?"